እትዬ ጽጌ እና የምድር ትንፋሽ

እትዬ ጽጌ ማረፋቸውን የሰማሁት ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው። ከብስራተ ገብርኤል ወደ ለቡ እየሄድኩ ነበር። መንገዱ ስለተቆፈረ ሚኒባሱ ቆሟል፤ ረዳቱ «በውስጥ እንዙር» ይላል፣ ሾፌሩ አይሰማውም። ባለቤቴ ዳዊት ደወለ። ሰላም እንኳ አላለኝም።

«ሜሮን፣ እትዬ ጽጌ...» አለና አለቀሰ።

ዳዊት ቶሎ የሚያለቅስ ሰው አይደለም። የቀረውን መናገር አላስፈለገውም። «ወራጅ አለ» ብዬ ወረድኩና የቀረውን መንገድ በእግሬ ሄድኩ። መንገዱ ዳር ቆፋሪዎቹ ያወጡት ጥቁር ድንጋይና ቀይ አፈር ተከምሯል። እሳቸው ቢሆኑ እዚያ ቆመው ይቀሩ ነበር። የተቆፈረ ነገር አይተው ሳያጎነብሱ ማለፍ አይችሉም ነበር፤ የሰው ቤት መሠረትም ሆነ የቧንቧ ቦይ አንገታቸውን አስግገው ያዩታል፣ ቆፋሪውን «ምን ወጣልህ?» ብለው ይጠይቁታል፣ ከዚያ ረፍዶባቸው እየሮጡ ትምህርት ቤት ይደርሳሉ።

እትዬ ጽጌ ጂኦሎጂስት ነበሩ። በወጣትነታቸው መንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጥረው፣ «ሴት ልጅ በረሃ ለበረሃ ምን ትሠራለች» እየተባሉ፣ ከዓባይ በረሃ እስከ አፋር ድንጋይ ሲመረምሩ ኖረዋል። ጡረታ ሲወጡ ቤት መቀመጥ አልሆንላቸው አለ። ነፋስ ስልክ፣ እኔ አማርኛ የማስተምርበት የግል ትምህርት ቤት መጥተው ጂኦግራፊ አስተማሪ ሆኑ። አጋጣሚ ሆኖ እኔና ዳዊት ለቡ ቤት ሠርተን ስንገባ፣ ከአጥሩ ማዶ ያሉት ጎረቤታችንም እሳቸው ሆነው አገኘናቸው።

አጭር ናቸው፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ግን ከቁመታቸው ይበልጣል። በበዓል ቀን የሐበሻ ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ሲወጡ እንኳ እግራቸው ላይ የማይለየው ያው ቡናማ የተራራ ጫማቸው ነው። «እግሬ ሌላ ጫማ ረስቷል» ይላሉ። ቦርሳቸው ውስጥ ደግሞ ሌላ ሴት ሽቶ በምትይዝበት ኪስ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ አቼቶ አለች።

ስለ አቼቶዋ ያወቅነው ትምህርት ቤት በመጡ ሰሞን ነው። መምህራን ማረፊያ ክፍል ምሳ ከፍተን ተቀምጠናል። ከቦርሳቸው ነጭ ድንጋይ አወጡ፣ ሳህን ላይ አስቀመጡ፣ ከዚያ ጠርሙሷን ከፈቱ።

«ቲቸር፣ ሰላጣ ሊሠሩልን ነው?» አላቸው የሒሳቡ መምህር።

«ዝም በልና ስማ» አሉት፣ ድንጋዩ ላይ አቼቶውን ጠብ እያደረጉ።

ድንጋዩ ቲሽሽ አለ። አረፋ እያወጣ ፈላ። ሁላችንም ከነጉርሻችን ቀረብን።

«ይሄ የኖራ ድንጋይ ነው፣ ከዓባይ በረሃ። ድሮ እዚያ ባሕር ነበር። አሁን የሚወጣው ትንፋሽ ነው፤ እሳተ ገሞራ የተነፈሰው። እዚህ ውስጥ ታስሮ የቆየው እናንተም እኔም ሳንኖር፣ ሰው የሚባል ሳይኖር ነው።»

እኔ አማርኛ አስተማሪ ስለሆንኩ «ትንፋሽ» የምትለው ቃል ያዘችኝ። «እትዬ፣ ቅኔ ነው ወይስ እውነት?» አልኳቸው።

«ቅኔ አላውቅም» አሉኝ። «እውነት ነው። ተቀመጪ ልንገርሽ።»

የዚያን ቀን ምሳዬ ቀዘቀዘ። እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ከእሳቱና ከአመዱ ጋር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል አሉኝ፤ እኛ ስንተነፍስ የምናወጣውን ዓይነት አየር። ዝናብ ያንን ከሰማይ ይዞ ይወርዳል፤ ውሃው በጣም ትንሽ ይኮመጥጣል፣ «ምላስሽ አያውቀውም፣ ድንጋይ ግን ያውቀዋል» አሉ። ያ ውሃ ጥቁሩን ድንጋይ ቀስ እያለ ይበላዋል። ከድንጋዩ የሟሟው ወንዝ ውስጥ ይገባል፣ ወንዙ ባሕር ያደርሰዋል፣ የባሕር ፍጥረታት ዛጎል ይሠሩበታል፣ ሲሞቱ ዛጎሉ ባሕሩ ወለል ላይ ይነጠፍና የኖራ ድንጋይ ይሆናል። ከዚያ የባሕሩ ወለል ራሱ ከጊዜ ብዛት ወደ ምድር ሆድ ይገባል። እዚያ ይቀቀላል። ትንፋሹም እንደገና በእሳተ ገሞራ አፍ ይወጣል።

«ይሄ ሁሉ ዙር ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አልኳቸው።

«ሚሊዮኖች ዓመት። ድንጋይ ቀጠሮ የለውም።»

ይህቺን አባባል ተማሪዎቹ ወደዷት። የቤት ሥራ ያልሠራ ልጅ «ቲቸር፣ ድንጋይ ቀጠሮ የለውም» ሲላቸው፣ «አንተ ግን አለህ፤ ነገ ጠዋት» ይሉታል።

ተማሪ ሲያስተምሩ ክፍል ውስጥ መዋል አይወዱም። አንድ ጊዜ እኔንም ረዳት አድርገው ልጆቹን ለቡ፣ አዲስ ሕንፃ የሚሠራበት ቦታ አመጧቸው። መሠረቱ ገና መቆፈሩ ነው። ከላይ ቀይ አፈር፣ ከሥሩ የበሰበሰ የሚመስል ቡናማ ድንጋይ፣ ከዚያ በታች ጥቁሩ ጠንካራው። ልጆቹን አንድ በአንድ አስነኳቸው። ቡናማው በእጃቸው ሲፈረፈር፣ «ይሄም ድሮ እንደ ታችኛው ጥቁር ነበር። ዝናብ ነው እንዲህ ያደረገው። የክረምቱ ዝናብ ጣሪያችሁ ላይ ሲወርድ ጫጫታ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ሥራ ላይ ነው» አሏቸው።

ሐና የምትባል ደፋር ተማሪ ነበረችን። እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ምድር ራሷ አየሩን የምታጸዳ ከሆነ ታዲያ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ለምን ያስጨንቁናል?»

እትዬ ጽጌ ደስ ሲላቸው ቅንድባቸውን ነው የሚያነሱት። ቅንድባቸው ተነሳ።

«እውነትሽን ነው፣ ታጸዳለች። ስትሞቅ ዝናቡ ይበረታል፣ ድንጋዩም ቶሎ ይሟሟል፣ አየሩ ውስጥ ያለው ይቀንሳል። ስትቀዘቅዝ ደግሞ ሥራው ይቀዛቀዛል። ምድር በዚህ ዓይነት ራሷን ስትጠብቅ ኖራለች። ግን አንድ ጊዜ ለማስተካከል መቶ ሺህ ዓመታት ይወስድባታል። አንቺ እስከዚያ ምሳ ሳትበዪ ትጠብቂያታለሽ?»

ልጆቹ ሳቁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ግቢው ውስጥ የተደረደረውን ሲሚንቶ አሳዩአቸው። «ይሄ ያ ነጭ የኖራ ድንጋይ ተቃጥሎ ነው። ባሕር ስንት ዘመን ያከማቸችውን እኛ በአንድ ቀን እንለቀዋለን። ቤት አትሥሩ አልላችሁም፣ እኔም ቤት አለኝ። ምን እንደምትለቁ ግን እወቁ።»

ስንመለስ አንዱ ልጅ የለቡ ዝናብ የትኛው ባሕር እንደሚገባ ጠየቃቸው። «የትኛውም» አሉት። «አቃቂ ይገባል፣ አቃቂ አዋሽ ይገባል፣ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ አፋር ያለ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ሐይቁ ዳር ግን የኖራ ድንጋይ እንደ ግንብ ቆሞ በዓይኔ አይቻለሁ። ባሕር ያልደረሰ ውሃም ሥራውን ይሠራል።»

ኋላ፣ ውጭ አገር ሄደው ዶክትሬታቸውን እንዲማሩ ዕድል መጥቶላቸው እናታቸውን ለማስታመም መቅረታቸውን ከሌላ ሰው ስሰማ፣ ይቆጭዎታል ወይ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «አዋሽ ይቆጨዋል?» ብለውኝ ልብስ ማስጣታቸውን ቀጠሉ።

አሁን የጉድጓዱን ነገር ልንገራችሁ። ይህን ሁሉ የምጽፈው በእሱ ምክንያት ነው።

ለቡ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ፈረቃውም የሚረሳበት ጊዜ አለ። እኔና ዳዊት ግቢያችን ውስጥ ጉድጓድ ለማስቆፈር ወሰንን። ከድርና ሸምሱ የሚባሉ ወንድማማቾች መጡ፤ የስልጤ ልጆች፣ ሥራ የሚያውቁ። ታላቅየው ከድር ይቆፍራል፣ ሸምሱ ከላይ ሆኖ በገመድ ባልዲውን ይጎትታል። ከድር የሚወርደው ግድግዳው ላይ በቆፈራቸው መርገጫዎች ነው፤ ገመድ አያስርም። ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ሲደርሱ ጥምቀት ሆነ። ሰው እንዳይገባበት ጉድጓዱን በላስቲክና በቆርቆሮ ከድነው ሄዱ።

በዓሉ እንዳለፈ ጠዋት ተመለሱ። ከድር ቆርቆሮውን አንስቶ ወረደ። እኔ በረንዳው ላይ ነበርኩ። ሸምሱ «ከድር? አንተ ከድር?» ሲል ሰማሁ፤ ቀጥሎ ያሰማው ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሮጬ ሄጄ ወደ ታች አየሁ። ከድር ታች በፈለፈለው ድንጋይ ክምር ላይ እንቅልፍ እንደጣለው ሰው ጋደም ብሏል። ደም የለም፣ የወደቀበት ነገር የለም፣ ሽታም የለም።

ዳዊት ከቤት ወጣ፣ አይቶ ጃኬቱን አወለቀ። ሸምሱ አንድ እግሩን መርገጫው ላይ አድርጓል። በዚያች ቅጽበት የግቢው በር ተበርግዶ እትዬ ጽጌ በነጠላ ጫማ ገቡ።

«ማንም እንዳይገባ!»

ሸምሱ አልሰማቸውም። መሬት ላይ ቁጭ ብለው ያንን ከላይ የቀረ እግሩን በሁለት እጃቸው አቀፉት።

«ልቀቁኝ! ወንድሜ ነው! በአላህ ልቀቁኝ!»

«አለቅህም። ብትረግጠኝም አለቅህም። ዳዊት፣ አንተም ቁም! ሜሮን፣ ሻማ! ጣሳና ገመድ፣ ቶሎ!»

ጩኸቱን ሰምቶ ጎረቤት ሞላ። «ሴትዮዋ አብደዋል እንዴ? ሰው እየሞተ ሻማ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እኔም በልቤ ያንኑ ሳልል አልቀረሁም፤ ግን እጄ ሻማውን ለኩሶ ጣሳ ውስጥ ተከለው። ዳዊት በገመድ ቀስ አድርጎ አወረደው። ነበልባሉ ወረደ፣ ወረደ፣ ከድር ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው እፍ እንዳሉት ሁሉ ጠፋ።

ዳዊት ጣሳውን ጎትቶ አወጣው።

«አያችሁ?» አሉ እትዬ ጽጌ፣ አሁን ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «ሻማውን ያጠፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው ከድርንም የጣለው። ከአየር ይከብዳል፣ ስለዚህ እንደ ውሃ ታች ይተኛል። የገባ ሁሉ አጠገቡ ነው የሚጋደመው። ሸምሱ፣ ወንድምህ ገና ይተነፍሳል፤ ደረቱን እየው። እናወጣዋለን። አንተ አጠገቡ ከተኛህ ግን ማን ያወጣችኋል?»

ሸምሱ እግሩን መለሰ። እሳቸው ግን አሁንም አልለቀቁትም።

ከዚያ በኋላ ሁላችንንም አዘዙን። ዳዊትና ጎረቤቶቹ አስፋልቱ ዳር ወዳለው ጎሚስታ ሮጡ፤ ጎማ የሚነፋበትን ኮምፕረሰር ከነቱቦው በኮብልስቶኑ ላይ እየገፉ አመጡት። እኔና ሌሎቹ ሴቶች የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ አስረን በገመድ ወደ ጉድጓዱ እናወርዳለን፣ እንጎትታለን፣ እናወርዳለን፤ የታችኛው አየር ከላይኛው እንዲቀላቀል። ቱቦው ወደ ከድር ፊት ወረደ። ኮምፕረሰሩ እየጮኸ እሳቸው ከሱ በላይ ይጮኻሉ፦ «ከድር! ከድር! እጅህን አንቀሳቅስ!»

መጠበቁን ነበር ማንም ያልቻለው። አንድ ሽማግሌ «እግዜር ይፍረድብዎት» አሏቸው፤ ቀና ብለው እንኳ አላዩዋቸውም። ሻማው እንደገና ወረደ፣ ጠፋ። ቅርንጫፉን አወረድን። እጄ ተልጦ እንደነበር ያወቅኩት በማግስቱ ነው። ሻማው ሌላ ጊዜ ወረደ፤ ነበልባሉ ተንቀጠቀጠ፣ ከድር ደረት አጠገብ ደረሰ፣ በራ። ጉድጓዱ ወለል ላይ ሲያርፍም በራ።

«አሁን ግባ» አሉት ሸምሱን። ገመዱን ብብቱ ሥር በገዛ እጃቸው አሰሩለት፣ ወንዶቹን ጫፉን አስያዟቸው። «እየጮህክ ግባ። የፈለግከውን በል፣ ዝም ግን እንዳትል። ዝም ካልክ እንጎትትሃለን።»

ሸምሱ «ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ» እያለ ወረደ። ክርስቲያኑም እስላሙም ትንፋሹን ይዞ ያችን ቃል ይሰማል። ወንድሙን ከሌላ ገመድ ጋር ሲያስረው እንኳ አላቋረጣትም። ከድር ከጉድጓዱ አፍ ብቅ ሲል ከንፈሩ ጠቁሯል። ሣሩ ላይ አጋደምነው፤ ጥቂት ቆይቶ ሳለ፣ አስመለሰው፣ ዓይኑን ገለጠ። እልልታው ሲቀልጥ ባጃጅ ግቢ ድረስ ገባና ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደው። ዳነ።

ግርግሩ ካለፈ በኋላ እትዬ ጽጌ እኛ በረንዳ ላይ ተቀመጡ። ውሃ ሰጠኋቸው።

«እንዴት አወቁ?» አልኳቸው።

«አፋር እያለሁ ከእሳተ ገሞራው ሥር አንድ ጎድጓዳ ቦታ ነበር። የሹፌራችን ውሻ ገብቶ ተኛ። ሹፌራችን ሊያወጣው ገባ፣ እሱም ተኛ። ጓደኛዬ ሊያወጣው ገባ...» ብርጭቆውን አስቀመጡ። «እኔ ሦስተኛ ልሆን ስሮጥ አንድ የአፋር ሰው ቀሚሴን ይዞ ጣለኝ። ነከስኩት። አልለቀቀኝም። ሜሮን፣ የዚያን ሰው ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም።»

ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እኔም አለቀስኩ። ዳዊት ጃኬቱን አውልቆ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ነበር። እሳቸው ትንሽ ዘግይተው ቢደርሱ እኔ ዛሬ ባል የለኝም።

ጥቂት ቆይቼ ያ የጉድጓዱ አየር ከዚያው ከእሳተ ገሞራው ነው ወይ አልኳቸው። «አላውቅም» አሉኝ። «በድንጋዩ ስንጥቅ ከምድር ሆድ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ከአፈሩ፣ ከሥራ ሥሩ ብስባሽ የወጣም ሊሆን ይችላል። ሳልለካ አልናገርም። ያው መንገደኛ ነው፣ የት ሰፈር እንደተሳፈረ ነው ያላወቅነው።» የማያውቁትን አላውቅም ሲሉ እንደሳቸው የሚያምርበት ሰው አላየሁም።

ጉድጓዱን ደፈንነው። ከድርና ሸምሱ ግን ከእሳቸው አልራቁም። እሁድ እሁድ ከሰዓት ሌሎች ቆፋሪዎችን እያስከተሉ ይመጣሉ፤ እትዬ ጽጌ ግቢያቸው ውስጥ በእንጨት መሬቱን እየጫሩ ያስተምሯቸዋል። በአጥሩ በኩል ድምፃቸው ይሰማኛል፦ «ትናንት ደህና ነበር ማለት ዛሬ ደህና ነው ማለት አይደለም! ገመድ ሳታስር የምትገባ ወንድ፣ ጀግና ነህ የሚልህ ማነው?»

በኋላ ልባቸው ደከመ። ትምህርት ቤቱን ተዉ፣ ከቤት መውጣትም እየቀረ መጣ። ከሥራ ስመለስ እየገባሁ ከጎናቸው እቀመጣለሁ። ከጥቂት ሳምንታት በፊት መስኮቱን አስከፈቱኝና የመጀመሪያውን የክረምት ዝናብ ሲያዳምጡ ቆዩ። መተንፈስ ከብዷቸዋል።

«ሜሮን፣ ይሄ የምተነፍሰው ሁሉ የሆነ ዘመን ላይ ድንጋይ ውስጥ ነበር። ደስ አይልም?»

«ደስ ይላል እትዬ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እኔም እያወቅሁ ተነፈስኩት» አሉኝ።

የቀብሩ ዕለት ለቅሶ ድንኳኑ ሞላ። የድሮ ተማሪዎቻቸው፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቻቸው፣ የእድሩ ሰዎች። ከድርም መጣ፣ አብሮት አንድ ቦት ጫማው ላይ ቀይ አፈር የደረቀበት የማላውቀው ጎልማሳ አለ። ሰውየው ጥግ ላይ ተቀምጦ እንባውን በእጁ ጀርባ ይጠርጋል። ውሃ ወሰድኩለትና እትዬ ጽጌን የት ያውቋቸዋል ብዬ ጠየቅሁት።

«አላውቃቸውም፣ እቴ» አለኝ። «እኔ ፉሪ ነው የምቆፍረው። እኛ ቆፋሪዎች ጠዋት ከመግባታችን በፊት ሻማ በጣሳ እናወርዳለን። 'ጽጌ ወርዷል?' እንባባላለን። ወርዶ ከበራ እንገባለን። ዓምና ጽጌ ጠፋብን፣ ሳንገባ ተመለስን። ሁላችንም ቤታችን ገባን።» ውሃውን ሳይጠጣ ያዘው። «ጽጌ የሻማው ስም ነበር የሚመስለኝ። ዛሬ ከድር 'ጽጌ ሞቱ' ሲለኝ ነው ሰው መሆናቸውን ያወቅኩት።»

ከዚያ ተነሳና ፎቷቸው ወደተቀመጠበት ሄደ። ባርኔጣውን አውልቆ ጎንበስ አለ፣ ፊታቸውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።